ጌተም እያለ ብሳና፤ ከዳንግላ እስከ ማንኪራ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ዳንግላ ጓሮዬ ውስጥ አራት ዘመናዊ ቀፎ ይዣለሁ። ባለፈው ዓመት ለንቦቼ ብዬ ቀይ አበባ ተከልኩ። ዘሩን ከአዲስ አበባ አስመጥቼ፣ በእጄ ኮትኩቼ፣ ጠዋት ማታ ውኃ አጠጥቼ። አበባው ሲወጣ ጓሮዬ ሠርግ ቤት መሰለ። ንቦቼ ግን በላዩ አልፈው፣ አጥሩን ተሻግረው፣ ጎረቤቴ የሺ ሳታርመው የተወችው የጎመን ዘር ላይ ይርመሰመሳሉ። የሺም በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ፣ «ቲቸር፣ ንቦችሽ እኔ ዘንድ ቀለብ ጀምረዋል» ትለኛለች። ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርኩ ሰው በጎመን መሸነፌ አንገበገበኝ። ቀይ ቀለም ለንብ ዓይን እንደማይታይ ስንቱን ተማሪ ፈትኜበታለሁ፤ ለራሴ ስተክል ግን ረሳሁት።

ታደሰ የሚባል የቀድሞ ተማሪዬ ቦንጋ ውስጥ ግብርና ቢሮ ይሠራል። ይህን በስልክ ስነግረው ሲስቅ ቆየና፣ ንብ እንዴት አበባ እንደሚመርጥ ማየት ከፈለግሁ ከፋ እንድመጣ፣ ጌተም የሚያብብበት ወቅት አሁን እንደሆነ ነገረኝ። ጌተም ነጭ ማር የሚሰጥ የጫካ ዛፍ ነው፤ እኛ አገር ስሙን ነው የምናውቀው። ከፋሲካ ሁለት ሳምንት በኋላ ሻንጣዬን አነሣሁ። ይህን የጻፍኩት ከተመለስኩ በኋላ ነው፤ ለየሺና ከዕድራችን ርቀው ለማያውቁት ሴቶች፣ ሲጠይቁኝ አንዱን ለአንዷ፣ ሌላውን ለሌላዋ እንዳልነግር ብዬ።

ሰኞ

ከዳንግላ አዲስ አበባ ያለውን አላወራም፤ ዓባይ በረሃን ያልወረደና ያልወጣ ጎጃሜ የለም። እህቴ ቤት አደርኩ። ለብቻዬ ከፋ ድረስ መሄዴን ስትሰማ ጉልበቴን አይታ ራሷን ነቀነቀች፤ ቢሆንም ለመንገድ የሚሆን ቆሎ ቆልታ ሰጠችኝ።

ማክሰኞ

ወደ ጅማ በሚሄደው አውቶቡስ ከጎኔ የተቀመጡት አንድ የጅማ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ ሽበታም፣ ዝምተኛ ሰው። ለአስተናጋጆቼ ስጦታ ብዬ የያዝኩትን የራሴን የአደይ አበባ ማር በፕላስቲክ ዕቃ አድርጌ፣ በከረጢት ይዤ እግሬ ሥር አኑሬው ነበር። ጊቤ ሳንደርስ ክዳኑ ለቀቀ። ማሩ ቀስ ብሎ ሄዶ የሰውየውን ጫማ ከነካልሲያቸው ያዘው። እኔ በኀፍረት ልሞት ስል፣ እሳቸው ጣታቸውን ነክረው ቀመሱና፣ እግራቸው ከዚህ በፊት እንዲህ ተከብሮ እንደማያውቅ ነገሩኝ።

ለምሳ ወልቂጤ ወርደን ነበርና ማር የፈሰሰበትን ከረጢት የምግብ ቤቱ አጥር ላይ ሰቀልኩት። ብዙም ሳይቆይ አንዲት ንብ መጣች። ብቻዋን ዞረችው፣ ጠጣች፣ ሄደች። አጠገቡ የተቆረጠ ማንጎ ነበር፤ ዞር ብላም አላየችው። ምግባችንን ሳንጨርስ ከረጢቱ በንብ ተሸፈነ። ለነጋዴው እንደ ተማሪ አስረዳኋቸው፤ የመጀመሪያዋ ሰላይ መሆኗን፣ ቀፎዋ ገብታ በጭፈራ አቅጣጫውንና ርቀቱን ለእኅቶቿ እንደምትናገር። ያገኘችው የጣፈጠ ከሆነ አጥብቃ ትጨፍራለች፤ ካልሆነ ዝም ብላ ትቀመጣለች። ሰውየው ከልባቸው አዳመጡኝና ገበያም እንደዚሁ ነው አሉ። አንድ ሰው ዕቃ ረክሶ ሲያገኝ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል።

ጅማ ስንደርስ አይቼ የማላውቀው ዝናብ ወረደብን። ነጋዴው ሱቃቸው አጠገብ ያለ ንጹሕ ማረፊያ ድረስ በጃንጥላቸው አደረሱኝ። ዕቃዬ ውስጥ የቀረው ማር ግማሽ ኪሎ ቢሆን ነው።

ረቡዕ

ከጅማ ቦንጋ በሚኒባስ ግማሽ ቀን አይሞላም። ጎጀብን ከተሻገርን በኋላ ዓይኔ ማረፊያ አጣ። እኛ አገር ዛፍ ማለት ሰው የተከለው ባሕር ዛፍ ነው፤ ተራው ቀጥ፣ መሐሉ ባዶ። እዚህ ጫካው መንገዱ ድረስ ወርዶ በመስኮት ሊገባ ይዳዳዋል። አበባ ፈለግሁ፤ ከአረንጓዴ በቀር ምንም አላይም። ንቡ በዚህ መሐል ምኑን አግኝቶ ነው ማር የሚሠራው እያልኩ ቦንጋ ገባሁ።

ታደሰ መነኸሪያው ላይ ጠበቀኝ። ተማሪ ሳለ ከመጨረሻው ረድፍ የማይነሣ ልጅ ነበር፤ አሁን ሆድ አውጥቷል፤ የከፋ ልጅ አግብቶ የአገሩን ቋንቋ ከፊኖኖንም ይናገራል። ከመነኸሪያው ወደ ማረፊያዬ ስንወርድ ቁልቁለቱ ላይ ተንሸራትቼ በመቀመጫዬ ሄድኩ። አንዲት ባለ ሱቅ እጄን ይዛ አስነሣችኝ፤ ወንበር አወጣችልኝ፤ ጫማዬን ካላጠብኩ ብላ ከእጄ ነጠቀችኝ። የቦንጋ ጭቃ እንግዳ ሳይፈትን አያሳልፍም አለችኝ። ማታ ታደሰ ቤት ቆጮ በጎመንና በቅቤ በላሁ። ሸካራ መስሎኝ ፈርቼው ነበር፤ ሁለተኛውን ሳልጠየቅ አነሣሁ።

ሐሙስ

በጠዋት ወደ ማንኪራ ጉዞ ጀመርን። ሞተር እስከሚገባበት በሞተር፣ ከዚያ በእግር። በዛፎቹ ሥር ቡናው ማንም ሳይተክለው በቅሎ ቆሟል፤ አበባው ረግፎ ፍሬ ይዟል። ታደሰ ወደ ላይ እያመለከተ ቀፎ ያሳየኛል። እኛ ቀፎ የምናኖረው ጣራ ክፈፍ ሥር ወይም ጓሮ ነው፤ እዚህ ረጅም ሙልሙል ቀፎ በቅጠል ጠቅልለው፣ አንገት እስኪቀለበስ ከፍ ያለ ዛፍ ላይ በገመድ ይሰቅሉታል።

ያሳደሩን ጋሽ አሰፋ ናቸው፤ ስልሳውን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ሲሄዱ እግራቸው የማይሰማ ሰው። ባለቤታቸው እትዬ ብዙነሽ ገና ከበራፉ ጉልበቴን አይተው በርጩማውን ትተው ወንበር ለመኑልኝ። ለስጦታ የቀረችውን የአደይ ማር ሰጠሁ። ጋሽ አሰፋ ቢጫነቷን በብርሃን አይተው በጣም ወደዷት፤ አበባው እንዴት ያለ እንደሆነ፣ በስንት ቀን እንደሚረግፍ ጠየቁኝ። በምትኩ የራሳቸውን አቀመሱኝ። ጥሩ ማር ነው፤ ግን ነጭ አይደለም፤ የገብስ ቆሎ መልክ አለው። ታደሰ በዚህ ጊዜ አንገቱን ደፋ።

ነገሩን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። እዚህ እያንዳንዱ አባወራ ከአባቱ የወረሰው የጫካ ድርሻ አለው፤ ኮቦ ይሉታል። በሌላ ሰው ኮቦ ውስጥ ቀፎ አይሰቀልም፣ ዛፉም ላይ አይወጣም። የጋሽ አሰፋ ኮቦ በጌተም የታወቀ ነው፤ ማራቸው ድሮም ነጭ ነበር። መልኩ ከተለወጠ ግን ሁለት ዓመቱ ነው። ከወንዙ ማዶ ያለው ኮቦ የጋሽ ገብሬ ነው፤ እሳቸው ጋ ያለው ማሩ ቀላ የሚለው ብሳና ነው። ሆኖም በእነዚሁ ሁለት ዓመታት የጋሽ ገብሬ ማር ነጭ ሆኖ የማር አምራቾች ማኅበሩ በስብሰባ ያመሰግናቸዋል። ጋሽ ገብሬ ደግሞ አሰፋ ብዛት ለማሳየት የብሳና ማር ከሌላ እየገዛ ይቀላቅላል ብለው ለማኅበሩ ተናግረዋል። ማር መቀላቀል እዚህ ከስርቆት አይለይም። ከተረጋገጠ ሰውየው ከማኅበሩ ይወጣል፤ ስሙም እስከ ልጅ ልጅ ይከተለዋል። ጋሽ አሰፋ በአባታቸው ዛፎች ሥር የአጭበርባሪ ስም ሊወጣላቸው ነበር ማለት ነው።

ከሰዓት በኋላ የማኅበሩ ስብሰባ ላይ ታደሰ ይዞኝ ሄደ። ዳር ተቀምጬ ዝም ብል ምን ነበረበት? ሰብሳቢው አስተማሪ መሆኔን ሰምተው በአማርኛ ጠየቁኝ። ንብ ቅርቡን አበባ ትቶ ሩቅ ይሄዳል ወይ? እኔም ጥያቄ ሲቀርብልኝ እጄ የሚያሳክከኝ ሰው ነኝና ተነሥቼ መለስኩ።

«ንብ ጉልበቷን ታውቃለች። ያው የሚጣፍጥ አበባ ቅርብ ካለላት ሩቅ አትለፋም።»

ታደሰ ሲተረጉም ድምፁ ወረደ። ሰው ሁሉ ወደ ጋሽ አሰፋ ዞረ። ያኔ ነው የገባኝ፤ ጌተሙ ቅርብ፣ ብሳናው ሩቅ። የበላሁበትን ቤት ሰው ላይ መስክሬ ተቀመጥኩ። ጋሽ ገብሬ ከወንበራቸው በአክብሮት ራሳቸውን ዝቅ አደረጉልኝ። ውሳኔው ለእሑድ ተቀጠረ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ተከትዬው ብሮጥም አልደርስበትም።

እቤት ስንገባ እትዬ ብዙነሽ ውኃ አሙቀው እግሬን ካላጠብኩ አሉ፤ እንቢ ብልም አልሰሙኝም። ጋሽ አሰፋ የራሳቸውን ብርድ ልብስ አልጋዬ ላይ ደርበውልኝ ሄዱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ

ገና ሳይነጋጋ ጋሽ አሰፋን ኮቦአቸውን እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። ለምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። ወደ ወንዙ ወርደን ከታላቁ ጌተም አጠገብ፣ ዳገቱ ላይ ተቀመጥኩ። አንዱ ቅርንጫፉ ዝቅ ብሎ በእጅ ይደረሳል። አበባው አበባ አይመስልም፤ አረንጓዴ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ቁጥቁጥ ያለ ዘለላ ነው። በመልኩ ቢሆን ማንም አይጎበኘውም። በጣቴ ነክቼ ስልሰው ግን ይጣፍጣል፤ እርጥብ ነው።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጌተሙ መጮህ ጀመረ። ንብ በንብ ሆነ። የጋሽ አሰፋ ቀፎዎች ከዚያው አጠገብ ቀረሮ በሚባል ረጅም ዛፍ ላይ ናቸው፤ አንጋጥጬ አየሁ፤ ገና ጭር ብለዋል። ከኋላቸው ያለው ኮረብታ ፀሐዩን ጋርዶባቸዋል፤ ብርዱ አልለቀቃቸውም። ታዲያ እነዚህ የማን ንቦች ናቸው? ጠግበው የሚነሡት ሁሉ ወንዙን ተሻግረው ይሄዳሉ። ደብተሬን አወጣሁ።

ሦስት ሰዓት ሲያልፍ ፀሐዩ ቀረሮው ላይ ደረሰ፤ የጋሽ አሰፋ ንቦች ወጡ። መጀመሪያ ጌተሙ ላይ መጡ። አንዷ ዘለላው ላይ ልታርፍ ስትል አንዳች ነገር እንደ ነካት ተመለሰች። ሌላዋም እንደዚሁ። ሌላዋ አርፋ ምላሷን ዘርግታ ወዲያው ሄደች። እኔም ጣቴን ሰድጄ ላስኩት፤ ደርቋል። ቀድመው የመጡት ጨርሰውታል። ንብ ከጠጣችበት አበባ ላይ የእግሯን ሽታ ትታ እንደምትሄድ፣ ቀጥላ የምትመጣው በሽታው ባዶነቱን አውቃ ሳትደክም እንደምታልፍ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ንቦቹ ጌተሙን ዞር ብለውም አላዩት፤ ከቀፎ ወጥተው ቀጥ ብለው ማዶ ብሳናው ላይ ሄዱ። ብሳናው ቀኑን ሙሉ ይሰጣል፤ ማንም አልቀደማቸውም። ትናንት ያልኩት ውሸት አልነበረም። የረሳሁት ቅርብ ያለው ማዕድ አስቀድሞ ሊበላ እንደሚችል ነው።

ለጋሽ አሰፋ በደስታ ነገርኳቸው። በዓለ ሃምሳ ነበርና ዓርብም ቢሆን እትዬ ብዙነሽ ጎዶሬ በቅቤ አቅርበው ነበር፤ በእጄ እንደያዝኩት ቀረ። ጋሽ አሰፋ ግን አልተደሰቱም። ጥቂት አሰቡና፣ ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ፣ ገብሬ በዓይኑ ያላየውን አይቀበልም፤ የእንግዳዬን ቃል ባመጣ ደግሞ ትናንት እንዲህ ብላ ዛሬ ቃሏን አጠፈች ይላል አሉ። እውነታቸውን ነው። እንዴት ነው በዓይን የሚታየው? ንብን ለይቶ ማወቅ ቢቻል ኖሮ። ይህን ስል ጠመኔ ትዝ አለኝ። ታደሰ ወደ መንደሩ ትምህርት ቤት ሮጦ ከአንድ አስተማሪ ቀይና ሰማያዊ ጠመኔ ይዞ መጣ፤ ማታ በድንጋይ አድቅቀን በስስ ጨርቅ ቋጠርነው።

የቀረው ፈቃድ ነው። ብሳናው የጋሽ ገብሬ ነውና ሳያስፈቅዱ ንቦቹን መንካት አይቻልም። ጋሽ አሰፋ ጋቢያቸውን ለብሰው ወንዙን ተሻገሩ። ለሁለት ዓመት ሰላም ሳይሉ አልፈዋቸው የሚሄዱትን ሰው ደጅ ቆሙ። ያሏቸውን ታደሰ ነገረኝ፦

«ነገ ብሳናህ ላይ ያለውን ንብ ቀይ እንቀባዋለን። ከዚያ እኔ ዛፍ ላይ ውጣና ቀፎዬን እይ።»

በማንኪራ አንድ ሰው ሌላውን ሰው በኮቦው ዛፍ ላይ ውጣ ሲለው ታደሰ ሰምቶ አያውቅም። ጋሽ ገብሬም እንዳልሰሙ ሆነው ሁለት ጊዜ አስደገሟቸው።

ቅዳሜ

በማለዳ ለራሴ ጉጉት ስል አንድ ነገር አደረግሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም። ዝቅ ባለው የጌተም ቅርንጫፍ ላይ ቀድመው የሚመጡትን ንቦች በሰማያዊው ቋጠሮ መታ መታ አደረግኋቸው። ሁለቱ እጄ ላይ፣ አንዷ አፍንጫዬ ላይ ነደፉኝ። አፍንጫዬ ቲማቲም ሆኖ ነው ቀሪውን ቀን የዋልኩት።

ፀሐይ ስትሞቅ ታደሰና ጋሽ ገብሬ ራሳቸው ማዶ ብሳናው ላይ ቀዩን ነሰነሱ። ከዚያ ጋሽ ገብሬ መጥተው ቀረሮው ሥር ቆሙ። ፊታቸውን በነጠላ ጠቀለሉ፤ ገመዱን ያዙና ወደ ጋሽ አሰፋ ዞር ብለው አዩ። ጋሽ አሰፋ ገመዱን ከታች ያዙላቸው። በሰባ ዓመታቸው ገደማ እንዲያ ሲወጡ አንጋጥጬ ጠበቅሁ። ከላይ ብዙ ቆዩ። አንድ ጊዜ በከፊኖኖ አንድ ቃል ተናገሩ፤ ትንሽ ቆይተው ደገሙት። ታደሰ «ቀይ እያሉ ነው» አለኝ። ሦስተኛውንም አራተኛውንም ሰማን። ሲወርዱ ነጠላቸውን ፈትተው፣ ከሰው ዓይን ሳይሸሹ ተናገሩ።

«አሰፋ አልቀላቀለም። የቀላቀለው ንቡ ነው።»

ጋሽ አሰፋ ዛፉን ተደግፈው ቁጭ አሉ። እኔ ደግሞ እፎይ ብዬ ዝም ማለት ሲገባኝ፣ ጉጉቴ አላስቀምጥ አለኝና በታደሰ አፍ ጋሽ ገብሬን ጠየቅኋቸው። የእርስዎን ቀፎዎች መቼ ሰቀሏቸው? እዚያ ፀሐይ የሚወጣበትን የሚያየው ተዳፋት ላይ ያሉትን? ሁለት ዓመታቸው ነው አሉ። ከሁለት ዓመት በፊት ማርዎ ምን ይመስል ነበር? ቀይ ነበር አሉ፤ የብሳና ነዋ። ይህን እንዳሉ አፍንጫዬንና ሰማያዊ የሆነውን ጣቴን አዩ። ወዲያው ወንዙን ተሻገሩና የራሳቸው ዛፍ ላይ ብቻቸውን ወጡ።

እኛ ከዚህ ማዶ ሆነን ስንጠብቅ ቆየን። ሲወርዱ ወደ እኛ አልመጡም፤ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ታደሰ ያዩትን ሄዶ ሊጠይቃቸው ፈልጎ ነበር፤ ጋሽ አሰፋ ከለከሉት። ሰው ለራሱ የሚነግረውን ነገር አስቀድመን አንጠይቀው አሉ። እኔ ምሽቱን ሁሉ ሳስበው ቆየሁ። ቢነግሩ የሁለት ዓመት ምስጋናቸው ይሄዳል፤ ባይነግሩ ማንም አያውቅባቸውም። ጋሽ አሰፋ ነጻ ወጥተዋልና ከዚያ በላይ የሚያስፈልጋቸው አልነበረም።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ማኅበሩ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ክሱን አነበቡ። ጋሽ ገብሬ ተነሥተው ቀረሮው ላይ ያዩትን ተናገሩ፤ ሰዉ አጉረመረመ፤ ደስ አለው። ሰብሳቢው ነገሩ አለቀ ብለው መዝገቡን ሊያጥፉ ሲሉ ጋሽ ገብሬ አልተቀመጡም። እንግዳዋም እንድትሰማ ብለው ወደ አማርኛ ዞሩ፤ ለአማርኛው ብዙ አልተመቻቸውም፤ ቃሉን እያነሡ እያስቀመጡ ነበር።

«ሰማያዊውን እኔ ቀፎ ላይ አየሁት። የኔ ንብ ማልዶ የአሰፋን ጌተም በልቶ ይመለሳል። የአሰፋ ንብ ሲነሣ ባዶ ያገኛል፤ የኔ ብሳና ላይ ይመጣል። ሁለት ዓመት እኔን ያመሰገናችሁት በሱ ጌተም ነው። እሱን የሰደብኩት ደግሞ በራሴ ብሳና ነው።»

ሰብሳቢው እስክሪብቷቸውን ይዘው ቀሩ፤ እንዲህ ያለ ነገር የሚጻፍበት ቦታ መዝገቡ ውስጥ የለም። ጋሽ ገብሬ የተቀመጡበትን ወንበር ትተው ጋሽ አሰፋ ያሉበት አግዳሚ ዳር መጥተው ቆሙ፤ ለመቀመጥ አልደፈሩም። ጋሽ አሰፋ ቀና ብለው አላዩአቸውም። ጋቢያቸውን ሰብስበው ፈቀቅ አሉና ቦታ ለቀቁላቸው።

«ቀፎህን ከዚያ እንዳታነሣው» አሉ። «ጌተሙ ጠዋት የሚጮኸው ያንተ ንብ ስላለ ነው።»